ጥላ በጥላ

ፓይታ ወደብ ላይ፥ ከዓሣ ገበያው በር፣
የኔ መድኃኒት ቤትና የእሷ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ነበር።
እኔ ከመስታወት ጀርባ፥ እሷ ፀሐይ ውስጥ፣
ቀኑን ሙሉ ሎሚ ስትጨምቅ፥ ስትቆርጥ፤
ጥሬ ዓሣ በሎሚ፥ ሽንኩርትና ቃሪያ፣
ለዓሣ አስጋሪ ቁርስ፥ ለሰካራም መንቂያ።

ኤዴልሚራ ትባላለች። ሁለተኛዋን ባረገዘች በስድስተኛው ወር፣
ጉንጯ ላይ ቡናማ ደሴት ብቅ አለች፥ ከካርታ ዳር።
ቀጥሎ ግንባሯ ላይ፥ ቀጥሎ ከላይኛው ከንፈር፤
«ማዲያት ነው፥ ሲወለድ ይሄዳል» አሏት አሮጊቶቹ ከየበር።
ልጁ ተወለደ። ልጁ ዳኸ። ልጁ ቆመ፥ ሄደ።
ማዲያቱ ግን ቀረ፤ ማንም ሳይጋብዘው ፊቷን ለመደ።

ጎረቤቷ ፔትሮኒላ፣
«ሎሚ እጅሽ ላይ እያለ ምን ያስፈልግሻል ሌላ?
የዛገ ቢላ የሚያጠራ፥ ጉንጭ ማጥራት ይሳነዋል?»
ዓሣን ያለ እሳት የሚያበስል ሎሚ፥ ፀሐይ ሲጨመርበት ቆዳን ምን ያደርገዋል?
አበሰለው።

ያኔ ነው ወደ እኔ የመጣችው። እውነቱን ልናገር፤
ከመደርደሪያዬ ታች ስም የሌለው ብልቃጥ ነበር፣
ከድንበር ማዶ የገባ፥ ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ፣
ለመጣው ሁሉ «ያነጣል» የምለው፥ ሳልጠይቅ፥ ሳልጨነቅ።
ሸጥኩላት።
በሦስት ሳምንት ፊቷ እንደ ሸክላ ሳህን ነጣ፤
በሁለት ወር ቀላ፥ ቆሰለ፥ ጥቁረቱ እጥፍ ሆኖ መጣ።
ልትጮህብኝ አልመጣችም። ብልቃጡን ብቻ መልሳ
አስቀመጠችልኝ፥ የገንዘቡን ነገር እንኳ ሳታነሳ።

ሐኪሟ ከፒዩራ በወር አንድ ቀን ትመጣለች።
አገጯን ይዛ፥ ወደ መስኮቱ አዙራ አየች።
«ይህ ቀለም ቂመኛ ነው፤ ትንሽ ፀሐይ ካየ ያስታውሳል፣
ሌሊት የደከምሽበትን ቀን መጥቶ ያፈርሳል።
ማታ ይህን ቅባት፥ ስስ አድርገሽ፥ ሦስት ወር፤ ከዚያ አቁሚ።
ጠዋት የፀሐይ መከላከያ፥ ደመና ቢሆንም፤ በየሁለት ሰዓቱ ድገሚ።
ሰፊ ባርኔጣ። መፋቅ የለም። ከሁሉ በላይ ግን ጥላ፤
ሎሚው ለዓሣው ይሁን፥ ለጉንጭሽ ሌላ።»
«ይጠፋል?»
«ይደበዝዛል።»
«ለዘለዓለም?»
«ቸል ካልሽው ይመለሳል።»

ሒሳቡን ሠራች፥ በቢላዋ ጫፍ፥ በመክተፊያው ጣውላ፤
ለቅባቱ አላት፥ ለመከላከያው አላት፥ የላትም ለጥላ።
ጥላ ማን ይሸጣል? ፓይታ አሸዋ ነው፥ ዛፍ አያውቅም፤
ደመናው እንኳ ባሕሩን አቋርጦ ያልፋል፥ አይቆምም።

ታች ወረደች። ከተሰበረ ጀልባ አሮጌ ሸራ ገዛች፤
ሰማያዊ፥ የተጣፈ፥ የዓሣ ቅርፊት እንዳለበት ዘረጋች።
አራቱን ቋሚ እኔ ነኝ ያመጣሁት። የብልቃጡ ዕዳ ነው።
አልነገርኳትም። ምናልባት ታውቀዋለች፤ እኔ ነኝ የማላውቀው።

በሳምንቱ መረብ ጠጋኟ ኔሬይዳ በርጩማዋን ይዛ መጣች፣
ሽንኩርት ሻጯ ኦቲሊያ ተከተለች፤
የሁለቱም ጉንጭ ላይ ያው ካርታ፥ ሌላ ደሴት።
በላተኛው ለዓሣው ይምጣ ለጥላው እንጃ፥ ሰልፉ ግን ደረሰ እኔ ቤት።

ሦስት ወር አለፈ። በመስኮቴ መስታወት ፊቷን አየች፣
ግማሹ ሄዷል። ለግማሹ ትከሻዋን ነቀነቀች።
ጥር ሲመጣ፥ በጋው ሲከር፥ ደሴቷ ትመለስ ይሆናል፤
ባርኔጣው ሚስማር ላይ ነው፥ ቱቦው ከጨው ዕቃው አጠገብ ይቀመጣል።

አንድ መርከበኛ፥ አፉን እንደሞላ፥ «ፊትሽ ላይ ምንድን ነው?» አላት።
«ጥላ ነዋ» አለችው፥ ወደ ሸራው እየጠቆመች። ሳቁ አነቃት።
ስም የሌለው ብልቃጥ ከመደርደሪያዬ ጠፍቷል፤ ቦታው ባዶ ነው፥ ሌላ
አላስቀመጥኩበትም። በዚያ ክፍተት አያታለሁ፤ ያን ሁሉ እፍረት ጥላ፣
ሎሚ ትጨምቃለች።
በጥላ።